ነፃው ሶፍትዌር እና ስልክ የሚያነሳው ሰው

ኮሃ የሚባለው የቤተ መጻሕፍት ሶፍትዌር ነፃ ነው ብዬ ለኮሌጃችን ዲን የነገርኩት እኔው ነኝ። ውሸት አልነበረም። ሶፍትዌሩን ያሠሩት ኒውዚላንድ ያሉ የሆሮዌኑዋ ቤተ መጻሕፍት ናቸው፣ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1999። የድሮው ሲስተማቸው 2000ን አይሻገርም ተብሎ ተፈርቶ ነበር። ሲጨርሱ ማንም እንዲጠቀምበት ለቀቁት። በማኦሪ ቋንቋ ኮሃ ማለት ስጦታ ነው። ዲኑ ስጦታ የምትለዋን ቃል ሲሰማ «ታዲያ በጀት ለምን ትጠይቃለህ?» አለኝ።

ኋላ እንደገባኝ የማኦሪዎቹ ስጦታ ዝም ብሎ ስጦታ አይደለም። ለቅሶ ቤት ይዘን እንደምንሄደው እንጀራ ነው፤ ብድር አለው።

ደሴ ውስጥ ባለ የግል ኮሌጅ የቤተ መጻሕፍት ኃላፊ ነኝ። ስድስት ሺህ ገደማ መጽሐፍ አለን። በ2014 ጥቅምት ጦርነቱ ከተማችን ሲገባ እንደ ሰው ሁሉ ወጣን። ስንመለስ ኮምፒውተሮቹ የሉም። ኮሃን የጫነልን ልጅ «ባክአፕ፣ ማለትም የመረጃው ቅጂ፣ በየሌሊቱ ራሱ ይሠራል» ብሎን ነበር። እውነቱን ነው፣ ይሠራል። የሚያስቀምጠው ግን እዚያው ማሽን ላይ ነው። ማሽኑ ሲሄድ ባክአፑም አብሮ ሄደ። መጻሕፍቱ ግን ከመደርደሪያቸው ንቅንቅ አላሉም። መጽሐፍ የሰረቀን ሰው የለም፤ ትንሽ ቅር ያለኝ እሱ ነው።

የመጻሕፍቱን ዝርዝር፣ ካታሎጉን፣ ከዜሮ ጀመርን። በዚህኛው ዙር ለሶፍትዌሩ ባንከፍልም ለሰው እንደምንከፍል ለዲኑ ቁርጡን ነገርኩት። ሦስት መንገድ ነበረኝ።

ውጭ አገር ያሉት ኩባንያዎች ጥሩ ናቸው። ሰርቨሩን እነሱው ጋ ያስቀምጡታል፣ ማሻሻያውንም እነሱ ይሠራሉ። ክፍያው ግን በዶላር ነው። በዚያ ላይ የሞባይል ዳታ ለወራት ተቋርጦ በከረመበት ክልል ካታሎጌን ባሕር ማዶ አስቀምጬ ምን ልሆን? ተውኩት።

ሁለተኛው አዲስ አበባ ያለ ድርጅት ነው፤ ስሙ ይቅር። ውሉ ያማረ ነበር፣ «በ24 ሰዓት ምላሽ እንሰጣለን» ይላል። የሙከራው ወር ላይ አዲስ ያስገባነው መጽሐፍ ፍለጋ ላይ አልወጣ አለ። በ24 ሰዓት ምላሹ መጣ፤ «መልእክትዎ ደርሶናል» ይላል። ችግሩ የተፈታው በአራተኛው ቀን ነው። ዜብራ የሚባለው ማውጫ ሠሪ ፕሮግራም ቆሞ ኖሮ፣ መልሶ ማስነሳት ብቻ ነበር። ውል ስታነብ ምላሽና መፍትሔ ለየብቻ መጻፋቸውን እይ። እኔ አላየሁም ነበር።

ሦስተኛው ኮምቦልቻ ፋብሪካ ውስጥ አይቲ የሚሠራ ወጣት ነው። ሐረጎን ጠመዝማዛ ወርደህ ታገኘዋለህ። ድርጅት የለውም፣ የሚያምር ወረቀትም የለውም።

ከድርጅቱም ከልጁም ፊት አንድ ዓይነት ፈተና አስቀመጥኩ። መጀመሪያ «ፀሐይ ብላችሁ ፈልጉልኝ» አልኩ። ቀጥሎ «ጸሐይ»። ቀጥሎ «ፀሀይ»። ለእኛ አንድ ቃል ነው፣ ለኮምፒውተሩ ሦስት። ካታሎግ ከምትሠራው ባልደረባዬ ጋር ራሱ አንድ ዓይነት አንጽፍም፤ እሷ በጸሎቱ ጸ፣ እኔ በፀሐዩ ፀ። ተማሪው በአንዱ ይጽፍና ምንም አይመጣለትም። «የለም» ብሎ ይሄዳል። መጽሐፉ ሁለት ሜትር ርቀት ላይ ተቀምጧል።

የዜብራ የተለመደ አቀማመጥ ለላቲን ፊደል የታሰበ ነው። ለእኛ ፊደል አይሲዩ ወደሚባለው፣ የሌሎች ቋንቋዎችን ፊደል ወደሚያውቀው አቀማመጥ መቀየር፣ ከዚያ ሀን ከሐና ከኀ፣ ሰን ከሠ፣ አን ከዐ፣ ጸን ከፀ አንድ አድርግ የሚል ሕግ መጨመር ያስፈልጋል። የአዲስ አበባዎቹ «ይሄ የሶፍትዌሩ ችግር ነው» አሉኝ። የኮምቦልቻው ልጅ «አላውቀውም ጋሼ፣ ሁለት ቀን ይስጡኝ» አለ። ቅዳሜ ፋይሉን ይዞ መጣ። በሦስቱም አጻጻፍ ያው መጽሐፍ ወጣ። «አላውቀውም» ያለው ልጅ ልቤን የወሰደው ያኔ ነው።

ሁለተኛው ፈተና ስም ነበር። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም። ፈረንጅ እንደለመደው የአባት ስም ከቀደመ ደራሲው በማያውቀው ስም ይመዘገባል። ማርክ በሚባለው የካታሎግ መመዝገቢያ ቅርጽ ላይ የደራሲ ስም የሚገባበት 100 ቁጥር መስክ አለ፤ መጀመሪያው ጠቋሚ 0 ሲሆን ስሙ በራሱ በሰውየው ስም ይጀምራል። ይህንን ሁለቱም አወቁት።

ሦስተኛው ለእኔ ትልቁ ነው። «ባክአፕ አለን አትበሉኝ፣ መልሱልኝ» አልኩ። ባዶ ላፕቶፕ፣ የትናንት ሌሊት ፋይል፣ እኔ እያየሁ። ድርጅቱ ቀጠሮ ሰጠኝ፣ ከዚያ ሌላ ቀጠሮ። ልጁ ቡና እየጠጣን ሞከረው፤ አልሠራም። ላፕቶፑ ላይ የጫነው ኮሃ ከእኛው የቆየ ኖሯል። አዲስ ኮሃ በየስድስት ወሩ ይወጣል፣ ይህች ልዩነት የት እንደምትነክስህ አታውቅም። ወደ ማታ ላይ ግን ካታሎጉ ላፕቶፑ ላይ ተከፈተ። «አብሽሩ ጋሼ፣ አሁን ቢዘረፍም አለ» አለኝ። ሌላ ቀን ቢሆን እቆጣው ነበር።

ከእሱ ጋር ተዋዋልን። አንድ ነገር ግን አበላሸሁ። የአስተዳዳሪው ይለፍ ቃል እሱ ጋ ብቻ ነበር። ታይፎይድ ይዞት ሁለት ሳምንት ተኛ፤ እኔ መለወጥ ያለበትን ሁሉ በወረቀት እየጻፍኩ ጠበቅኩት። የታመመ ሰው ቤት ሄጄ፣ ብርቱካን ይዤ፣ ይለፍ ቃል መጠየቅ አፈርኩ። አሁን በታሸገ ፖስታ ዲኑ ካዝና ውስጥ አለ። ውሉ ላይም ሥልጠና ጨመርን። ባልደረባዬ ዜብራን ማስነሳትና ማውጫውን እንደገና ማሠራት ትችላለች። መብራት ሄዶ በመጣ ቁጥር እኔን አትጠራኝም።

ባክአፑም በተንቀሳቃሽ ዲስክ አርብ አርብ ሐረጎን ወርዶ ኮምቦልቻ ያድራል።

ባለፈው እዚሁ ደሴ ያለ ሌላ ቤተ መጻሕፍት የፊደሉን ፋይል ፈለገ። ልጁን አስፈቅጄ በቴሌግራም ላክሁላቸው። ዲኑ ሰምቶ «በስንት ሸጥከው?» ብሎኛል።