እናቴ ፌስታሎቿን ጠየቀችኝ

በጥር ወር ከምኖርበት ከጀርመን ልጆቼን ይዤ ባሕር ዳር ነበርኩ። ከአብሮ አደጎቼ ጋር ጣና ዳር ተቀምጠን የተጠበሰ ቀረሶ ዓሣ እየበላን ሳለ አንደኛው ባዶ ሃይላንድ ብድግ አድርጎ፣ «ይህችን ጀርመን ውስጥ ሱቁ በገንዘብ ይቀበላል የሚሉት እውነት ነው?» አለኝ። እውነት ነው አልኩት። በስንት? በ25 የዩሮ ሳንቲም። በሆዱ በብር ሲያባዛው ከፊቱ ላይ አነበብኩ። «ታዲያ መጋዘን ለመጋዘን ካርቶን ከምትሸከም ይህን አትለቅምም?»

ሁሉም ሳቀ። ገንዘቡ የሱቁ ቸርነት እንዳልሆነ ላስረዳቸው ሞከርኩ። ውሃውን ስትገዛ 25ቷን ሳንቲም አስቀድመህ ትከፍላለህ፤ ጠርሙሱን ስትመልስ የምትቀበለው የራስህን ነው። በልጅነታችን ከኪዮስክ ለስላሳ ስንገዛ ባዶ ጠርሙስ ካልያዝን ማስያዣ እንጠየቅ አልነበር? ያው ነው፤ እነሱ ከ2003 እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ጀምሮ ለፕላስቲኩም አደረጉት። ወዳጄ ግን አላመነኝም። «የደበቅኸን ነገር አለ» አለ።

የደበቅሁት ነገርስ ነበር፤ እሱ የጠረጠረው ግን አይደለም። በመጀመሪያው ወር 11 ጠርሙሶች በከረጢት እንዲገቡልኝ ብዬ በእግሬ ረግጬ ጠፍጣፋ አድርጌ ወስጄ፣ መቀበያው ማሽን መለያቸውን ማንበብ አቅቶት አንድ በአንድ ሲተፋብኝ ከኋላዬ የተሰለፈው ሰው ሁሉ ያየኝን ቀን አልነገርኳቸውም። እሱ ግን ቀላሉ ነው። አሁን የምጽፈው ስለ ከባዱ ነው።

ትልቁ ልጄ አንደኛ ክፍል እያለ መምህሩ ደብዳቤ ላከች። ቤተሰቡ በአንድ ሳምንት ውስጥ የሚጥለውን ፕላስቲክ በሙሉ እያጠበ ያስቀምጥ፤ ዓርብ ዕለት ልጁ ይዞት ይምጣ፤ ወላጆችም ተጋብዛችኋል ይላል። እንደ ዕድሌ የእናቴ ዕቃ ከባሕር ዳር የደረሰው በዚያው ሳምንት ነበር። በርበሬ፣ ሽሮ፣ ሚጥሚጣ፣ በሶ። እናቶቻችን ዕቃ ሲያስሩ ታውቃላችሁ። በርበሬው በአንድ ፌስታል ይገባና ይታሰራል፤ ያ ተገልብጦ በሌላ ይገባል፤ ያም በሌላ። የእናቴ በርበሬ ከጢስ ዓባይ ፏፏቴ አናት ላይ ቢወረወር እንኳ ከታች አንዲት ፍሬ አይፈስስም።

ልጄ ደግሞ እንደ መምህሩ የሚፈራው ሰው የለም፤ «ይህ አይቆጠርም» ብለው እንዴት ተደርጎ! ሁሉንም ቆጠረው፤ 23 ፌስታል። በእነሱ ላይ የእንጀራው ላስቲክ አለ፤ እኛ እንጀራ የምንገዛው አሥር አሥሩ እየታሸገ ነው። አጥቦ ሰገነቱ ላይ በልብስ ማስጫው ገመድ አሰጣቸው። ጥቁሩ፣ ሰማያዊው፣ ባለ መስመሩ በነፋስ ሲውለበለቡ የታችኛው ፎቅ ጎረቤቴ ቀና ብለው አይተው መስኮታቸውን ዘጉ።

ዓርብ ደረሰ። የትምህርት ቤቱ መተላለፊያ ግድግዳ ላይ ገመድ ተወጥሮ የእያንዳንዱ ቤተሰብ ፕላስቲክ በእንጨት መቆንጠጫ ተሰቅሏል። ከእኛ በስተቀኝ ያለው ቤተሰብ ሦስት የእርጎ ኩባያና አንድ የአይብ መጠቅለያ ሰቅሏል። የእኛ ከመስኮቱ ተነስቶ በሩን አልፎ ወደ ደረጃው ታጠፈ። አንዱ ጥቁር ፌስታል በደንብ አልታጠበም ኖሮ ቀይ ውሃ እያንጠባጠበ በነጩ ግድግዳ ላይ መስመር ሠራ። የእናቴ በርበሬ፣ የባሕር ዳር ፀሐይ ያደረቀው በርበሬ፣ በባዕድ ግድግዳ ላይ ፈሰሰ።

መምህሩ ቀረብ ብላ በለሰለሰ ድምፅ «ውድድር አይደለም፤ ሁላችንም ገና እየተማርን ነው» አለችኝ። ብትሰድበኝ መልስ ነበረኝ። ከጎኗ የቆመች አንዲት እናት ደግሞ አዝናልኝ፣ «በአገራችሁ ለዚህ ነገር ትኩረት አይሰጥም መሰለኝ?» አለች። አንገቴን ነቀነቅሁ! ጭራሽ ተስማማሁላት! የምናገረው የመጣልኝ ማታ አልጋ ላይ ነው። «በአገሬ ኪያር በፕላስቲክ ተጠቅልሎ አይሸጥም፤ ኪያር ሲፈጠር ከልብሱ ጋር ነው የተፈጠረው» ልላት ይገባ ነበር። ከእነሱ ቆሻሻ ከፊሉ በመርከብ ተጭኖ እስከ ቱርክና ማሌዢያ እንደሚሄድም ያወቅሁት ዘግይቼ ነው። ለፀብ የሚሆን ቋንቋ ሁልጊዜ ዘግይቶ ይመጣል።

ወደ ቤት ስንመለስ ልጄ እጄን ይዞ ትንሽ ዝም አለና፣ «አያቴ መጥፎ ሰው ናት?» አለኝ።

ይህን ጥያቄ ይዤ ነው ባሕር ዳር የገባሁት።

የሚገርመው የእነሱና የእኛ ነገር አለመገጣጠሙ ነው። ታናሿ ልጄ ስትወለድ አዋላጇ የሽንት ጨርቅ እንድንጠቀም እንደ አዲስ ግኝት መከረችን፤ ታጥቦ ዳግም ያገለግላል፣ ለተፈጥሮም ይበጃል አለች። ዋጋውን ስናይ የሐር ሊሆን ይችላል ብለን ነበር። እኔ ያደግሁት ከአሮጌ አንሶላ በተቀደደ ጨርቅ መሆኑን አልነገርኳትም። በዚያው ሳምንት የአጎቴ ልጅ ከባሕር ዳር ደውላ «ለሕፃኑ ዳይፐር ላክልኝ፤ በጨርቅ ሲታሰር ሰው ይስቅብኛል» ትለኛለች። ጀርመን ጨርቅ የተማረ ሰው ምልክት ነው፤ ባሕር ዳር የደሃ። በሁለቱ መካከል የቆመ ሰው ምን ይላል? እኛ ዳይፐሩንም ጨርቁንም ገዛን፤ ለአጎቴም ልጅ ላክን።

እናቴ ቤት በገባን በማግሥቱ፣ ቡና እየተፈላ፣ «ለመሆኑ በርበሬ የላክሁባቸውን ፌስታሎች ይዘህልኝ መጣህ?» አለችኝ። የምትቀልድ መስሎኝ ሳቅሁ። አልሳቀችም። «ጣልካቸው? ሃያ ሦስቱንም? ባለ መስመሩን እኮ ሦስት ዓመት አጥቤ የያዝኩት ነው!»

ቁጥሩን ታውቀዋለች! ከዚያ ተነስታ የአልጋዋን ፍራሽ ጫፍ ገለጥ አድርጋ አሳየችን። ፌስታሎቹ ታጥበው፣ ደርቀው፣ ሦስት ማዕዘን ሆነው ታጥፈው ተደርድረዋል፤ ትልቁ ለብቻ፣ ትንሹ ለብቻ። ከጓዳ ደግሞ ሃይላንዶቹ፤ ይህ የዘይት፣ ይህ የማር፣ ይህ የላምባ፣ ይህ የጠበል። ገበያ የምትሄደው በዘንቢል ነው። ለልጄ ሁሉንም ተረጎምኩለት። አያቱን አየ፤ ፍራሹን አየ፤ ወደ እኔ ዞረና «ታዲያ የጣልከው አንተ ነህ» አለኝ።

መምህሩ ያላለችኝን እሱ አለኝ። እናቴ ምን እንዳለ ጠይቃ ስትሰማ «እሰይ የኔ ጌታ!» ብላ ሳመችው።

አገሬን ለማሞገስ ብቻ እንዳልጻፍኩት ግን ይታወቅልኝ። እናቴም ብትሆን ማጠብ የሚያቅታትን ላስቲክ ማታ ማታ ጓሮ ታቃጥለዋለች፤ ጭሱ ልጆቼን ሲያስላቸው «ትንኝ ያባርራል» አለች። ሐይቁ ዳር ደግሞ በደንገሉ መካከል ሃይላንዱ፣ የጭማቂ መምጠጫው፣ ፌስታሉ ተጠላልፎ ተኝቷል። ከደንገል የተሠራ ታንኳ ሲያረጅ እዚያው በስብሶ ይቀራል፤ ሐይቁ አይታመምበትም። ሃይላንዱ ግን ከእኛ በኋላ ይኖራል። ታናሿ ልጄ ዝቅ ብላ መልቀም ስትጀምር አስተናጋጁ ሮጦ መጣና «ተይ እመቤቴ፣ እጅሽ ይቆሽሻል» ብሎ ከእጇ ተቀበላት። ተቀብሎም መልሶ ወረወረው። በዚህን ጊዜ ወዳጄ ስለ ሕጉ ይነግረኛል፤ ስስ ፌስታል በአዋጅ ቁጥር 513/1999 ተከልክሎ ነበር፤ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ጠንከር ያለ አዋጅ ጸድቋል ይላል። ይህን ሁሉ የነገረኝ ለቤቱ የገዛውን ቲማቲም በፌስታል አንጠልጥሎ ነው። ሳሳየው «ይህ አሮጌ ነው፤ ከአዋጁ በፊት የገዛሁት» አለኝ።

ወደ ጀርመን ለመምጣት የምታስቡ ወንድሞችና እህቶች፣ ጠርሙስ ለቅሞ ሀብታም የሆነ ሰው አላየሁም። ሌሊት በባትሪ የቆሻሻ መጣያ የሚፈትሹ አሉ፤ እኔ ካየኋቸው ብዙዎቹ ያገሬው ሽማግሌዎች ናቸው፤ ጡረታ ሳይበቃቸው ቀርቶ። ይህን ማንም በፎቶግራፍ አይልክላችሁም። ደግሞ ከጀርመንኛው ግሥ በፊት የቆሻሻ መጣያውን ቀለም አጥኑ። እኔ ባለሁበት ከተማ ማሸጊያ ወደ ቢጫው፣ ወረቀት ወደ ሰማያዊው፣ የወጥ ቤት ትራፊ ወደ ቡናማው፣ የቀረው ወደ ጥቁሩ ነው። ብትሳሳቱ ፖሊስ አይመጣም፤ የሚመጣው ጎረቤት ነው፤ እሱ ይብሳል። ልጅ ያላችሁ ደግሞ ኦዲተር ይዛችሁ እንደምትሄዱ ዕወቁት። ዘንቢል ያዙ። እኔ ዘንቢል ይዤ ገበያ ስወጣ ጀርመኖቹ እያስቆሙ የት እንደገዛሁት ይጠይቁኛል፤ ባሕር ዳር ደግሞ በዚያው ዘንቢል «ገጠሬ» ተብያለሁ።

ልንመለስ ስንል እናቴ እንደገና በርበሬ ማሰር ጀመረች። ልጄ አጠገቧ ቆመ። ከዱቄት ከረጢት በእጇ የሰፋችው የጨርቅ ከረጢት ውስጥ ጨመረችና አሰረችው፤ እሱም ራሱን በእሺታ ነቀነቀ። ሊወጣ ዞር ሲል «ሻንጣህ ውስጥ ቢፈስስስ?» ብላ ፈጥና ፌስታል አለበሰችው። ከበሩ ላይ ተመልሶ ቆጠረ፤ ለበርበሬው፣ ለሽሮው፣ ለሚጥሚጣው፣ ለበሶው አንድ አንድ። አራት። ተነጋገሩ፤ እኔን አስተርጓሚ አድርገው ተዋዋሉ።

አሁን አራቱም ታጥበው፣ ደርቀው፣ ሦስት ማዕዘን ሆነው የወጥ ቤታችን መሳቢያ ውስጥ ናቸው። በላያቸው ላይ ልጄ በጀርመንኛ «የአያቴ ንብረት» ብሎ ወረቀት ለጥፎባቸዋል። ለፋሲካ ወደ ባሕር ዳር የሚሄድ ሰው የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ ጻፉልኝ። ዕቃው ቀላል ነው፤ ኪስ ውስጥ ይገባል።