ባንኮክ ከሄዳችሁ ታክሲውን ተዉት፣ ጀልባ ያዙ

ባንኮክ ሲባል እኛ ጋ ትዝ የሚለን ወይ ህክምና የሄደ ዘመድ ነው ወይ ልብስ ሊያመጣ የሄደ ነጋዴ፣ እኔ ግን ዝም ብዬ ከተማውን ልይ ብዬ ነው የሄድኩት። ትራፊኩ ያማርርሃል ያሉኝ ሰዎች አልዋሹም፣ ሱኩምቪት የሚባለው መንገድ ማታ ላይ መኪናው አይንቀሳቀስም፣ በቃ ቆሟል። ግን ክላክስ የለም እኮ! ያ ሁሉ መኪና ተደርድሮ ሹፌሮቹ ዝም ብለው ይጠብቃሉ። ቸኩያለሁ ያለ ሰው ደግሞ የየቅያሱ አፍ ላይ ብርቱካናማ ሰደርያ ለብሰው ከሚጠብቁት ባለሞተሮች አንዱ ኋላ ፊጥ ይልና በመኪኖቹ መሀል ሹልክ ነው።

ከላይ ደግሞ ባቡር አለ፣ ከ1999 እ.ኤ.አ. ጀምሮ የሚሰራው ቢቲኤስ፣ ንፁህና ኤሲው የሚያንቀጠቅጥ ነው። አንድ ቀን ማታ 12 ሰዓት ላይ ጣቢያው ውስጥ እየሮጥኩ በድንገት ሰው ሁሉ ቀጥ አለ፣ ስልክ የሚነካካውም ደረጃ የሚወርደውም። ለካ ብሄራዊ መዝሙራቸው ነው፣ ጠዋት 2 ሰዓትና ማታ 12 ሰዓት ይከፈታል፣ ሲያልቅ ምንም እንዳልተፈጠረ ሁሉም መሮጡን ይቀጥላል።

ለኔ ግን የባንኮክ ነገር ማለት ጀልባው ነው። በተለይ ሴን ሴፕ የሚባለው ቦይ ላይ የሚሄደው፣ ቱሪስት ብዙም የለበትም፣ ሰራተኛና ተማሪ ነው የሚሳፈርበት። ውሃው ጥቁር ነው፣ ይሸታል፣ አልደብቃችሁም። ጀልባው ጠጋ ሲል ሙሉ በሙሉ አይቆምም ማለት ይቻላል፣ ገመዱን ይዛችሁ ዘላችሁ መግባት ነው። ረዳቶቹ ሄልሜት አድርገው በጀልባው የውጪ ጠርዝ ላይ እየተራመዱ ሂሳብ ይሰበስባሉ፣ ከጎን የተቀመጠ ሰው ደግሞ ሌላ ጀልባ ሲመጣ ውሃው እንዳይረጨው የላስቲክ መጋረጃውን በገመድ ወደ ላይ ይስባል። ድልድዩ ዝቅ ያለበት ቦታ ላይ ጣሪያው ራሱ ዝቅ ይላል፣ እኔ አላምን ብዬ አንገቴን ቀብሬ ነበር ያለፍኩት ሃሃ። ታክሲ ውስጥ ተቀምጣችሁ ቆጣሪው ሲቆጥር ከማየት በጥቂት ባህት (የታይላንድ ገንዘብ ነው) ይሄ ይሻላል፣ ቱክቱክ የሚሉትን ባጃጅማ ዋጋ ሳትነጋገሩ እንዳትገቡ።

ትልቁ ወንዝ ቻኦ ፕራያ ላይ ብርቱካናማ ባንዲራ ያለውን ጀልባ ይዛችሁ ዋት ፖ የሚባለው ቤተ መቅደስ ትደርሳላችሁ። እዚያ ያለው የተጋደመው የቡድሃ ሐውልት 46 ሜትር ርዝመት አለው፣ ቤቱ ጠባብ ስለሆነ ሙሉውን በአንዴ ማየት አይቻልም፣ በምሰሶዎቹ መሀል ቁርጥ ቁርጥ እያላችሁ ነው የምታዩት። እግሩ ጋ ስትደርሱ ቆም በሉ፣ መርገጫው ላይ 108 ምልክቶች በሚያብለጨልጭ ዛጎል ተለብጠው ተሰርተዋል። ከጀርባው በኩል ሰው በተደረደሩት ሳህኖች ውስጥ ሳንቲም እየጣለ ስለሚያልፍ ቤቱ ቃጭል በቃጭል ነው።

ምግብ ላይ ብዙ አልልም፣ ሶም ታም ብቻ ብሉ። ሻጯ ሴትዮ ያልበሰለ ፓፓያ ሸርክታ፣ ከነጭ ሽንኩርቱ ከቃሪያው ከሎሚው ጋር ሙቀጫ ውስጥ ቀጥቀጥ ቀጥቀጥ አድርጋ ትሰጣችኋለች። እኔ በርበሬ ለምጃለሁ ብዬ ቃሪያ ጨምሪ አልኳት፣ ከዛ በኋላ ያለውን አልነግራችሁም።

አሃ ደሞ አንድ ነገር፣ ደረሰኝ ላይ ዓመቱን አይታችሁ እንዳትደነግጡ። የነሱ አቆጣጠር ከፈረንጆቹ በ543 ዓመት ይቀድማል፣ 2024 ለነሱ 2567 ነው። ሰባትና ስምንት ዓመት ወደኋላ መሆናችንን ሁሌ ለሰው ማስረዳት ለሰለቸን ሰዎች እንዴት ደስ እንደሚል!

ለመሄድ ያሰባችሁ ካላችሁ ከኅዳር እስከ ጥር ባለው ሂዱ፣ ሙቀቱ የሚቻለው ያኔ ነው። ሚያዝያ መጀመሪያ ላይ አዲስ ዓመታቸው ሶንግክራን ነው፣ መንገድ ላይ ሰው በሙሉ ውሃ ይራጫል፣ ስልካችሁን በላስቲክ ጠቅልሉ፣ ፓስፖርቱን ሆቴል ተዉት።