የኔትወርክ ቃላት የገቡኝ ኮምፒውተሬ አልሠራ ባለኝ ጊዜ ነው

አይፒ፣ ዲኤንኤስ፣ ዲኤችሲፒ፣ ጌትዌይ፣ ሰብኔት ማስክ። መጀመሪያ እነዚህን ቃላት ከነትርጉማቸው ደብተር ላይ ጽፌ ሸመደድኳቸው። ፈተና ብቀመጥ አልፍ ነበር። አንድ ጠዋት ኮምፒውተሬ ድረ ገጽ አልከፍት ሲለኝ ግን ከየት እንደምጀምር እንኳ አላወቅሁም።

ዋይፋዩ «ተገናኝቷል» ይላል፤ የሚከፈት ገጽ ግን የለም። የኮምፒውተሩን አይፒ አድራሻ (በኔትወርኩ ውስጥ የሚለይበትን ቁጥር) ስፈትሽ በ169.254 የሚጀምር ቁጥር አገኘሁ። የማውቀው በ192.168 የሚጀምር ነበር። ዲኤችሲፒ ምን እንደሆነ የገባኝ ያኔ ነው። ኮምፒውተር ኔትወርክ ውስጥ ሲገባ አድራሻ የሚሰጠው ይፈልጋል፤ ዲኤችሲፒ ሰርቨሩ (ብዙ ጊዜ ራውተሩ ውስጥ ያለው) አድራሻውን፣ ሰብኔት ማስኩን፣ ጌትዌዩን (ከኔትወርኩ ወደ ውጭ የሚያወጣውን በር) እና የዲኤንኤስ ሰርቨሩን አድራሻ አንድ ላይ ይሰጠዋል። አድራሻውም ለተወሰነ ጊዜ በውሰት የሚሰጥ ነው። ኮምፒውተሩ መልስ የሚሰጠው ካጣ በ169.254 ከሚጀምሩት አንዱን ራሱ ይመርጣል፤ በዚህ አድራሻ ደግሞ ከዚያው ኔትወርክ መውጣት አይቻልም። ራውተሩን አጥፍቼ ሳበራው የቀድሞው አድራሻ ተመለሰ።

ከዚያ በኋላ መሸምደዱን ተውኩት። ብራውዘር ላይ የድረ ገጽ ስም ከጻፍኩበት ቅጽበት ጀምሮ ጥያቄው የሚሄድበትን መንገድ ወረቀት ላይ እየሳልኩ፣ መንገዱ ሲቆምብኝ ብቻ አዲስ ቃል መፈለግ ያዝኩ።

ስሙ ወደ ቁጥር የሚለወጠው በዲኤንኤስ ነው። ፖል ሞካፔትሪስ በ1983 እ.ኤ.አ. ይህን ሥርዓት ከመንደፉ በፊት የኮምፒውተሮች ስምና አድራሻ ተመዝግቦ የሚገኘው በአንድ ፋይል ነበር፤ ሁሉም ያንን ይገለብጣል። ኔትወርኩ ሲሰፋ አንድ ዝርዝር እንደማይበቃ ሳስብ፣ ዲኤንኤስ ሥራውን ለብዙ ሰርቨሮች ለምን እንዳከፋፈለ ግልጽ ሆነልኝ።

ከሁሉ ያስቸገረኝ ሰብኔት ማስክ ነው። ማስኩ ከፓኬቱ (በኔትወርክ ከሚላከው የመረጃ ቁራጭ) ጋር አብሮ የሚላክ ይመስለኝ ስለነበር ሥዕሌ ሁሉ ይበላሽ ነበር። እንደዚያ አይደለም። ማስኩን የሚጠቀምበት ላኪው ራሱ ነው፤ «ይህ አድራሻ እኔ ካለሁበት ኔትወርክ ነው ወይስ ከውጭ?» ለሚለው ጥያቄ መልስ ያገኝበታል። ከውስጥ ከሆነ በቀጥታ ይልካል፣ ከውጭ ከሆነ ለጌትዌዩ ይሰጣል። ቁጥሩን በሁለትዮሽ (በ0 እና በ1 ብቻ) በእጄ ጽፌ ማየቴ በጣም ጠቅሞኛል። የአይፒ ስሪት 4 አድራሻ 32 ቢት (32 የ0 ወይም የ1 ቦታ) ነው፤ ማስኩ 255.255.255.0 ሲሆን የመጀመሪያዎቹ 24 ቢቶች ኔትወርኩን ያመለክታሉ፣ ለመሣሪያዎች 8 ይቀራሉ። ያ 256 ቁጥር ነው። የመጀመሪያው የኔትወርኩ መጠሪያ፣ የመጨረሻው ለሁሉም በአንድ ጊዜ መላኪያ ስለሆነ ለመሣሪያ የሚውለው 254 ብቻ ነው።

አይፒ አድራሻ ካለ ማክ አድራሻ (የመሣሪያው የኔትወርክ ካርድ መለያ ቁጥር) ለምን እንዳስፈለገም የገባኝ በዚሁ ሥዕል ላይ ነው። የመድረሻው አይፒ በየራውተሩ ሲያልፍ ብዙውን ጊዜ እንዳለ ይዘልቃል፤ ማክ አድራሻው ግን ከአንዱ መሣሪያ ወደሚቀጥለው ብቻ ስለሆነ በየእርምጃው ይቀየራል።

ቲሲፒን (መረጃው መድረሱን እያረጋገጠ የሚልከውን ደንብ) ደግሞ በኔትወርክ የሚያልፈውን በሚያሳየው የዋየርሻርክ ፕሮግራም በዓይኔ አየሁት። ገጹ ከመከፈቱ በፊት ሦስት አጫጭር ፓኬቶች ይመላለሳሉ፤ ኮምፒውተሬ ግንኙነት ይጠይቃል፣ ሰርቨሩ ይቀበላል፣ ኮምፒውተሬ መቀበሉን ያረጋግጣል። ሌላው የመላኪያ ደንብ፣ ዩዲፒ፣ ይህን ሳይጠብቅ ይልካል።

ከወራት በኋላ እንደገና ገጽ አልከፈት አለኝ። አድራሻዬ ደህና ነው፤ ጌትዌዩም ለፒንግ («አለህ ወይ?» ብሎ ለሚጠይቅ አጭር መልእክት) ይመልሳል፤ ከውጭ ያለው የጉግል ሰርቨር 8.8.8.8ም ይመልሳል፤ በስም ስጠይቅ ግን ዝም። ስለዚህ የዲኤንኤስ ሰርቨሩን ቀየርኩና ተከፈተ። በዚያው ሰሞን አንድ ሰርቨር ለፒንግ አልመልስ ስላለኝ ጠፍቷል ብዬ ደመደምኩ፤ ገጹ ግን በብራውዘር ይከፈታል። ፒንግን የሚከለክሉ ሰርቨሮች እንዳሉ ያወቅሁት ያኔ ነው። አሁን አንድ ድረ ገጽ መኖሩን ስፈትሽ ከፒንግ ይልቅ ፖርት 443 (ሰርቨሩ በኤችቲቲፒኤስ ድረ ገጽ የሚያቀርብበት የበር ቁጥር) ይመልስ እንደሆነ አያለሁ።