ሌላ ፕሮግራም ከመጫናችሁ በፊት ዊንዶውሱን ራሱን እዩት

ኮምፒውተር ሲንቀራፈፍ ወይም አንድ ሥራ ሲያሰለች ብዙ ሰው መጀመሪያ የሚያደርገው ኢንተርኔት ላይ ገብቶ የሚጫን ነገር መፈለግ ነው። ማጽጃ፣ ማፍጠኛ፣ ስክሪን ማንሻ፣ ኮፒ ማጠራቀሚያ። ከዚያ የተጫነው ነገር ሁሉ ራም፣ ማለትም ኮምፒውተሩ ሲሠራ የሚጠቀምበትን ጊዜያዊ ማስታወሻ፣ ይበላል፣ ማስታወቂያ ያመጣል፣ ኮምፒውተሩ በተነሳ ቁጥር አብሮ ይነሳል። የሚያናድደው የብዙዎቹ ሥራ ዊንዶውስ ውስጥ ድሮውኑ መኖሩ ነው። ማንም ስላላሳየን ሳንነካው እንኖራለን። ስለዚህ ዛሬ እኔ በየቀኑ የምጠቀምባቸውን፣ ሰው «ኮምፒውተሬን እየው» ሲለኝም መጀመሪያ የማያቸውን ነገሮች ልንገራችሁ። አብዛኞቹ ዊንዶውስ 10 ላይም 11 ላይም ይሠራሉ። ልዩነት ካለ እዚያው እናገራለሁ።

በማጥፋት እንጀምር። ማታ ሻት ዳውን አድርጋችሁ ጠዋት ስታበሩት ኮምፒውተሩ ከዜሮ የተነሳ ይመስላችኋል አይደል? ብዙውን ጊዜ ግን እንደዚያ አይደለም። ከዊንዶውስ 8 ጀምሮ፣ ማለትም ከ2012 እ.ኤ.አ. ወዲህ፣ ፋስት ስታርታፕ የሚባል ነገር አለ። ሻት ዳውን ስትሉት የከፈታችኋቸውን ፕሮግራሞች ይዘጋል፣ ከአካውንታችሁም ያስወጣችኋል። የሲስተሙን እምብርት፣ ከርነል የሚሉትን፣ እና የድራይቨሮቹን፣ ማለትም ፕሪንተርና ድምፅን የመሳሰሉትን የሚያሠሩትን ትንንሽ ፕሮግራሞች፣ ሁኔታ ግን እንዳለ ዲስክ ላይ ጽፎ ያስቀምጠዋል። ስታበሩት ያንኑ መልሶ ያነበዋል። ቶሎ የሚነሳው ለዚህ ነው። ችግሩ፣ ከሳምንት በፊት የተደናበረ ድራይቨር ካለ እሱም አብሮ ተቀምጦ አብሮ ይመለሳል። ፕሪንተሩ አልታይ ሲል፣ ድምፅ ሲጠፋ፣ ዋይፋይ ሲቆራረጥ «አጥፍቼ አበራሁት፣ ያው ነው» የሚባለው ብዙ ጊዜ ከዚህ የተነሳ ነው።

ሪስታርት ግን ሌላ ነው። ሪስታርት ሁሉንም አራግፎ እንደ አዲስ ይጭነዋል። ስለዚህ የሆነ ነገር አልሠራ ሲላችሁ ሻት ዳውን አድርጋችሁ አትድከሙ፣ ሪስታርት በሉት።

ማረጋገጥ ትፈልጋላችሁ? ኮንትሮል፣ ሺፍት እና ኢስኬፕን አንድ ላይ ተጫኑ። ታስክ ማናጀር ይከፈታል። ፐርፎርማንስ የሚለው ውስጥ ገብታችሁ ሲፒዩን ስትመርጡ ከታች አፕ ታይም የሚል፣ ሲስተሙ ከተነሳ ስንት ጊዜ እንደሆነው የሚያሳይ ቁጥር አለ። በየማታው እያጠፋችሁት ቁጥሩ ብዙ ቀናት ካሳየ ነገሩ ይኸው ነው። ለአንድ ጊዜ ብቻ በደንብ እንዲጠፋ ከፈለጋችሁ ሺፍትን ተጭናችሁ ይዛችሁ ሻት ዳውንን ክሊክ አድርጉ። ለዘለቄታው ለማጥፋት ደግሞ ኮንትሮል ፓነል ውስጥ ፓወር ኦፕሽንስ ግቡ፣ የፓወር በተኑ ምን እንደሚሠራ የሚመረጥበትን ገጽ ክፈቱ፣ የደበዘዙትን ምርጫዎች የሚከፍተውን ሰማያዊ ጽሑፍ ተጫኑ፣ ከዚያ ፋስት ስታርታፕ ላይ ያለውን ምልክት አንሱት። እኔ ኤስኤስዲ የሚባለው አዲሱ ዓይነት ዲስክ ያለው ማሽን ላይ ሁልጊዜ አጠፋዋለሁ። ኤስኤስዲ ራሱ ፈጣን ስለሆነ የምታጡት ሴኮንዶች ጥቂት ናቸው። ከዊንዶውስ ጎን ሊኑክስ የሚባለውን ሌላ ኦፐሬቲንግ ሲስተም የጫነ ሰውማ የግድ ማጥፋት አለበት፤ አለዚያ የዊንዶውሱ ክፍል በከፊል ተኝቶ ስለሚቀር ሊኑክሱ እዚያ ላይ እንዳይጽፍ ሊከለከል ይችላል።

ታስክ ማናጀርን ሳትዘጉት እዚያው ስታርታፕ የሚለውን ክፈቱ። ኮምፒውተሩ ሲበራ ሳትጠሯቸው የሚነሱት ሁሉ እዚህ ተሰልፈዋል። የቻት ፕሮግራሙ፣ የሙዚቃው፣ የጌሙ፣ የአፕዴት ጠባቂው። ቀኝ ክሊክ አድርጋችሁ ዲስኤብል ስትሉት ፕሮግራሙ አይጠፋም፤ እናንተ ስትከፍቱት ብቻ ይከፈታል ማለት ነው። አንቲቫይረሱን፣ የድምፁንና የታችፓዱን ተዉአቸው። ስሙን የማታውቁት ነገር ካጋጠማችሁ ደግሞ በግምት አትንኩት፤ ያው ቀኝ ክሊኩ ላይ ኢንተርኔት ላይ የሚፈልግላችሁ ምርጫ አለ። አንድ ኮምፒውተር ሲነሳ የሚያቃስት ከሆነ ከማንኛውም «ማፍጠኛ» በላይ የሚረዳው ይሄ ነው ብዬ በሙሉ ልብ እናገራለሁ።

ስለ ማፍጠኛ ካነሳን፣ ሬጂስትሪ ክሊነር የሚባሉትን፣ ማለትም ዊንዶውስና ፕሮግራሞች ቅንብራቸውን የሚያስቀምጡበትን ሬጂስትሪ «እናጸዳለን» የሚሉትን፣ እባካችሁ አትጫኑ። ማይክሮሶፍት ራሱ እነሱን መጠቀም እንደማይደግፍ በይፋ ጽፏል። ሬጂስትሪ ውስጥ የተረሱ ጥቂት መስመሮች ቢኖሩ ማሽኑን አያንቀራፍፉትም፤ ክሊነሩ ተሳስቶ የሚፈለገውን መስመር ሲያጠፋ ግን አንድ ፕሮግራም ድንገት መክፈት ያቅተዋል፣ ምክንያቱንም ማንም አያገኘው። ቦታ ከጠበባችሁ ሴቲንግስ ውስጥ ሲስተም፣ ከዚያ ስቶሬጅ ግቡ። ምኑ ምን ያህል እንደያዘ በግልጽ ያሳያችኋል። ስቶሬጅ ሴንስ የሚለውን ካበራችሁት ጊዜያዊ ፋይሎችንና ሪሳይክል ቢን ውስጥ የቆዩትን በራሱ ያጸዳል። ዳውንሎድስ ፎልደርን በሚመለከት ግን «በፍጹም አታጥፋ» የሚለው ላይ መሆኑን አረጋግጡ። ብዙ ሰው ዋና ዋና ዶክመንቱን እዚያ ነው የሚያከማቸው።

አሁን ወደምወደው ልምጣ። ኮፒ እና ፔስት በ1970ዎቹ እ.ኤ.አ. ዜሮክስ ፓርክ በተባለው የአሜሪካ የምርምር ማዕከል ውስጥ ላሪ ቴስለርና ባልደረቦቹ ከሠሩት ጊዜ ጀምሮ የለመድነው ክሊፕቦርድ፣ ኮፒ የተደረገው የሚቀመጥበት ቦታ፣ አንድ ነገር ብቻ የሚይዝ ነው። ሁለተኛውን ኮፒ ስታደርጉ የመጀመሪያው ይጠፋል። ስለዚህ ከአንዱ ዶክመንት ወደ ሌላው መመላለስ፣ ኮፒ፣ ፔስት፣ መመለስ፣ ኮፒ፣ ፔስት። በ2018 እ.ኤ.አ. መጨረሻ አካባቢ በወጣው የዊንዶውስ 10 አፕዴት ይህ ቀረ። የዊንዶውስ ቁልፉን ይዛችሁ ቪን ተጫኑ። መጀመሪያ ላይ ይብራ ወይ ብሎ ይጠይቃችኋል፣ አብሩት። ከዚያ በኋላ ኮፒ ያደረጋችሁትን እስከ 25 ነገር ድረስ ያስታውሳል፤ ጽሑፍም ምስልም። ከዝርዝሩ መርጣችሁ ትለጥፋላችሁ። ደጋግማችሁ የምትጽፉት ነገር ካለ፣ አድራሻ ይሁን የባንክ ሒሳብ ቁጥር ወይም ለሰው ሁሉ የምትልኩት አንድ ዓይነት መልስ፣ ፒን አድርጉት፣ ማለትም ዝርዝሩ ላይ ሰክታችሁ አስቀሩት። ፒን ያልተደረገው ኮምፒውተሩ ሪስታርት ሲሆን ይጠፋል፣ ፒን የተደረገው ግን ይቆያል። ፎርም ለሚሞላ፣ ሪፖርት ለሚያዘጋጅ፣ ለሚተረጉም ሰው ይሄ አንድ ነገር ብቻውን የሥራውን ቀን ይለውጠዋል።

አንድ ጥንቃቄ አለው። ኮፒ ያደረጋችሁት ፓስወርድም እዚያ ዝርዝር ውስጥ ሊቀር ይችላል። ኮምፒውተሩን ሌላ ሰው የሚጠቀምበት ከሆነ ወይ አታብሩት፣ ወይ ስትነሱ ክሊር ኦል ብላችሁ ተነሱ።

ከኢንተርኔት ኮፒ ያደረጋችሁት ጽሑፍ ከነቀለሙ ከነትልልቅ ፊደሉ መጥቶ ዶክመንታችሁን የሚያበላሽባችሁ ከሆነ ደግሞ ኮንትሮልና ቪ በምትሉበት ቦታ መሐል ላይ ሺፍት ጨምሩ። ብራውዘሮችና ሌሎችም ብዙ ፕሮግራሞች ላይ ጽሑፉን ብቻ ይለጥፍላችኋል።

ስክሪን ማንሻም መጫን አያስፈልግም። የዊንዶውስ ቁልፍ፣ ሺፍት እና ኤስ። የምትፈልጉትን ቦታ ብቻ በማውስ ትከልላላችሁ፣ ከዚያ የትም ፔስት ማድረግ ነው። ስክሪኑን በሞባይል ፎቶ አንስቶ የሚልክ ሰው ካለ ይችን አንድ መስመር አሳዩት።

ብዙ መስኮት ከፍታችሁ ለምትሠሩ፦ የዊንዶውስ ቁልፍና የግራ ወይም የቀኝ ቀስት መስኮቱን ግማሽ ስክሪን ላይ ያስቀምጠዋል። ዊንዶውስ 11 ላይ የዊንዶውስ ቁልፍና ዜድ ስትጫኑ ደግሞ የአቀማመጥ ምርጫዎች ይመጣሉ። እኔ ግን ከዚህ የበለጠ የምወደው ሁለተኛ ዴስክቶፕ መክፈትን ነው። የዊንዶውስ ቁልፍ፣ ኮንትሮል እና ዲ ስትሉ ባዶ አዲስ ዴስክቶፕ ይከፈታል፤ በዊንዶውስ፣ ኮንትሮል እና በቀስት ከአንዱ ወደ ሌላው ትሄዳላችሁ። አንዱ ላይ የምጽፈውና ለእሱ የሚያስፈልገኝ ብቻ፣ ሌላው ላይ ኢሜይልና ወሬ። ስክሪኑ ላይ የማይታይ ነገር ሐሳብ አይሰርቅም።

ፋይሎች ጋ ስንመጣ አንድ የምለምናችሁ ነገር አለ። ዊንዶውስ ሲመጣ የፋይሉን ዓይነት የሚናገረውን የስም መጨረሻ፣ ኤክስቴንሽን የሚባለውን፣ ደብቆ ነው የሚመጣው። ይህ አደገኛ ነው። አንድ ሰው ቫይረስ ሠርቶ ስሙን «ደረሰኝ ነጥብ ፒዲኤፍ ነጥብ ኢኤክስኢ» ቢለው እናንተ የሚታያችሁ «ደረሰኝ ነጥብ ፒዲኤፍ» ብቻ ነው፤ ፕሮግራም መሆኑን የሚናገረው «ኢኤክስኢ» ተደብቋል። አይከኑንም የፒዲኤፍ አስመስሎ መሥራት ቀላል ነው። ከፈታችሁት ማለት ፕሮግራሙን አስነሳችሁት ማለት ነው። ዊንዶውስ 11 ላይ ፎልደር ከፍታችሁ ቪው፣ ከዚያ ሾው ውስጥ ፋይል ኔም ኤክስቴንሽንስ የሚለውን ምረጡ። ዊንዶውስ 10 ላይ ቪው የሚለው ውስጥ በቀጥታ ታገኙታላችሁ። አንዴ ነው የምታበሩት፣ ከዚያ ሁልጊዜ እውነተኛውን ስም ታያላችሁ። ለወላጆቻችሁ፣ ለመሥሪያ ቤት ባልደረቦቻችሁም አብሩላቸው።

እዚያው ፎልደር ውስጥ ሳላችሁ፣ ፋይል በስህተት ወደ ሌላ ቦታ ጎትታችሁ የት እንደገባ ከጠፋባችሁ አትደንግጡ። ኮንትሮልና ዜድ ጽሑፍ ላይ ብቻ የሚሠራ የሚመስለው ሰው ብዙ ነው፤ ፎልደር ውስጥም ይሠራል። የተጎተተውን ይመልሳል፣ የተቀየረ ስም ይመልሳል፣ ሪሳይክል ቢን የገባውንም ያወጣል። በሺፍትና ዲሊት ያጠፋችሁትን ግን አይመልስም፣ ያ ሪሳይክል ቢን ሳይገባ ነው የሚሄደው። የብዙ ፋይሎችን ስም በተከታታይ መቀየር ካለባችሁ ደግሞ ኤፍ 2 ተጭናችሁ ስሙን ጻፉና ታብን ተጫኑ፤ ቀጥታ ወደ ቀጣዩ ፋይል ይወስዳችኋል።

ትንንሾቹን ባጭሩ ልበላቸው። ከወንበር ስትነሱ የዊንዶውስ ቁልፍና ኤል፣ ይቆለፋል። የዊንዶውስ ቁልፍና ስፔስ ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ ኪቦርድ ይቀይራል። የዊንዶውስ ቁልፍና የእንግሊዝኛው ነጥብ ኢሞጂ ያመጣል። ፊደል ለሚያንስበት ሰው የዊንዶውስ ቁልፍና ፕላስ ስክሪኑን ያጎላል፣ ዊንዶውስና ኢስኬፕ ይመልሰዋል።

ስክሪኑ ድንገት ሲጠቁር ወይም ድርቅ ሲል ፓወሩን ነቅሎ ከማጥፋት በፊት ሁለት ነገር ሞክሩ። ዊንዶውስ፣ ኮንትሮል፣ ሺፍት እና ቢ አንድ ላይ ሲጫኑ የግራፊክስ ድራይቨሩን ብቻ እንደ አዲስ ያስነሳዋል። ስክሪኑ ብልጭ ብሎ ይመለሳል፣ የከፈታችሁት ሥራም አይዘጋም። ታስክባሩ ከጠፋ ወይም አልነካ ካለ ደግሞ ታስክ ማናጀር ውስጥ ዊንዶውስ ኤክስፕሎረር የሚለውን ፈልጋችሁ ቀኝ ክሊክ፣ ሪስታርት። ሙሉ ኮምፒውተሩን ማጥፋት አያስፈልግም።

የመጨረሻው የዊንዶውስ 10 ጉዳይ ነው። የማይክሮሶፍት መደበኛ ድጋፍ ኦክቶበር 14 ቀን 2025 አብቅቷል። ኮምፒውተሩ መሥራቱን አያቆምም፣ የደኅንነት አፕዴት ግን በተለየ ፕሮግራም ካልተመዘገባችሁ አይመጣላችሁም። ይህን ሰምተው «ማሽኔ ዊንዶውስ 11 አይቀበልም ተባልኩ» ብለው አዲስ ሊገዙ የተነሱ ሰዎች ያጋጥሙኛል። ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ነገር እዩ። ዊንዶውስ 11 ከሚጠይቃቸው ነገሮች አንዱ ቲፒኤም 2.0 የሚባል የደኅንነት ክፍል ነው። ብዙ ማሽኖች ላይ ፕሮሰሰሩ ውስጥ አለ፣ ግን ባዮስ (ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚሠራው የማሽኑ ማስተካከያ) ውስጥ ጠፍቶ ነው የሚገኘው። ባዮስ ውስጥ ስሙ ኢንቴል ላይ ፒቲቲ፣ ኤኤምዲ ላይ ኤፍቲፒኤም ነው። ፒሲ ሄልዝ ቼክ የሚባለው የማይክሮሶፍት ነፃ መመርመሪያ የቱ መስፈርት እንደጎደለ ለይቶ ይነግራችኋል። የጎደለው ቲፒኤሙ ብቻ ከሆነ ባዮስ ገብታችሁ አብሩትና ደግማችሁ መርምሩ። ፕሮሰሰሩ ራሱ ካልተፈቀደ ግን ይህ አይጠቅማችሁም። ባዮስ ከመንካታችሁ በፊት ፋይሎቻችሁን ሌላ ዲስክ ላይ ገልብጡ፤ ዲስኩን የሚቆልፈው ቢትሎከር በርቶ ከሆነ ደግሞ የሪከቨሪ ቁልፉን ወረቀት ላይ ጻፉት፣ ሲነሳ ሊጠይቃችሁ ይችላል።