የእናቴ ጓሮና የአሜሪካ ቀረጥ

እናቴ ጓሮ ያሠራቻቸው አምስት ክፍሎች አሉ። የቆርቆሮ በር፣ የሲሚንቶ ወለል፣ ውሃና ሽንት ቤት የጋራ። የልብስ ፋብሪካዎች ያሉበት የኢንዱስትሪ ፓርክ ሐምሌ 2008 ሲመረቅ ሀዋሳ ውስጥ ትንሽ ባዶ ቦታ ያለው ሁሉ የሚከራይ ክፍል ይሠራ ነበር፣ እኛም ሠራን። ሳይውል ሳያድር ሞሉ። ከወላይታም ከሲዳማ ገጠርም የመጡ ልጆች አንዱን ክፍል ለሦስት ለአራት ይይዙታል፤ አንዷ ከማታ ፈረቃ ስትገባ ሌላዋ የጠዋቱ ሰርቪስ እንዳያመልጣት ትሮጣለች።

አንዷ ሥራዋ ኮሌታ ብቻ ነበር። ሙሉ ሸሚዝ ሰፍታ አታውቅም፤ ቀኑን ሙሉ ኮሌታ። እሁድ የወንድሜን የተቀደደ ዩኒፎርም ስትጠግንለት ዓይኔን ከእጇ ላይ መንቀል ያቅተኝ ነበር። ክሩ ከመስመሩ ንቅንቅ አይልም።

ሸሚዞቹ አሜሪካ የሚገቡት በአጎዋ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ2000 የወጣና ብዙ የአፍሪካ ዕቃ ከቀረጥ ነፃ እንዲገባ የፈቀደ ሕግ ነው። ልብስ ላይ ይሄ ቀላል ነገር እንዳይመስላችሁ። የጥጥ ቲሸርት አሜሪካ ሲገባ መደበኛ ቀረጡ 16.5 በመቶ ነው፣ የፖሊስተር ደግሞ 32 በመቶ። ፋብሪካዎች በሳንቲም በሚሻሙበት ሥራ ይሄ ልዩነት የሞት ሽረት ነው።

ጥቅምት 23 ቀን 2014 ፕሬዚዳንት ባይደን በሰሜኑ ጦርነት የተፈጸሙ የመብት ጥሰቶችን ጠቅሰው ኢትዮጵያን ከአጎዋ እንደሚያስወጡ አስታወቁ። ከታኅሣሥ 23 ጀምሮ ተፈጻሚ ሆነ። ከዚያ በፊት፣ ኅዳር ላይ፣ የካልቪን ክላይንና የቶሚ ሂልፊገር ባለቤት ፒቪኤች የሀዋሳ ፋብሪካውን እንደሚዘጋ ተናግሮ ነበር። የኮሌታዋ ልጅ የምትሠራው ሌላ ፋብሪካ ነው። መጀመሪያ ትርፍ ሰዓት ቀረ። ከዚያ «ትእዛዝ የለም» ተባለና ቤት ዋለች። በወሩ መጨረሻ ልጅቷ እናቴ በር ላይ ቆማ «እትዬ፣ ግማሹን ብቻ ብሰጥዎትስ?» አለቻት። እናቴ «ተይው ልጄ፣ ለመንገድሽ ይሁንሽ» ብላ አንድም ብር አልተቀበለችም። በማግስቱ ልጅቷ ወደ ሶዶ ሄደች።

ይሄን ቀረጥ፣ ታሪፍ የሚሉትን፣ የሚከፍለው ለብዙ ሰው ዕቃውን የላከው አገር ይመስለዋል። አይደለም። ጉምሩክ ላይ የሚከፍለው አስመጪው ነው። ግን አስመጪው ከኪሱ አውጥቶ ዝም አይልም፤ ወይ የራሱ ደንበኛ ላይ ይጨምራል፣ ወይ ፋብሪካውን «ዋጋ ቀንስ» ይለዋል። ፋብሪካው ደግሞ ከእስያ የሚመጣውን ጨርቅ ዋጋ ማስቀነስ አይችልም፣ የመርከቡንም አይችልም። እጁ የሚደርሰው ኮሌታ የምትሰፋዋ ልጅ ጋ ብቻ ነው።

ለዚህ ነው የአሜሪካና የቻይና የታሪፍ ፍልሚያ ተነስቶ «የነሱ ጠብ እኛን ምን አገባን» ሲባል የሚያመኝ። መጋቢት 24 ቀን 2017 ፕሬዚዳንት ትራምፕ የየአገሩን ተጨማሪ ታሪፍ ሰንጠረዥ ይዘው ሲወጡ እኛ 10 በመቶ ደረሰን፣ ጂንስ እየሰፋች የምትተዳደረው ትንሿ ሌሴቶ 50 በመቶ። የሷ በኋላ ወደ 15 ወረደ፣ እስከዚያ ግን ገዢዎች ትእዛዛቸውን ይዘው ይጠብቁ ነበር። አሜሪካና ቻይና ደግሞ አንዱ 145፣ ሌላው 125 በመቶ ድረስ ተጨማመሩና ግንቦት ላይ ጄኔቫ ተቀምጠው ለ90 ቀን አወረዱት። ቻይና የምትይዘው ነገር አላት፤ ብርቅዬ ማዕድኖቿን ትከለክላለች፣ የአሜሪካን አኩሪ አተር አልገዛም ትላለች። ሌሴቶ ምኗን ትከልክል? እኛስ?

ያን ሰሞን ቬትናም 46፣ ባንግላዴሽ 37 ሲባሉ «ለኛ ዕድል ነው» ያሉ ነበሩ። ቁጥሩን ብቻ ካየን ልክ ናቸው። ግን በየሦስት ወሩ በሚቀያየር ቁጥር ተማምኖ ማን ማሽን ይተክላል? ቻይናም እ.ኤ.አ. ከታኅሣሥ 2024 ጀምሮ እንደኛ ላሉ ድሃ አገሮች ቀረጡን ዜሮ አድርጋለች። ጥሩ ነው፣ ለቡናችንና ለሰሊጣችን ይጠቅማል። ሸሚዝ ግን ራሷ ለዓለም የምትሰፋ አገር ናት፤ የኛን ኮሌታ አትጠብቅም።

ከአምስቱ ክፍሎች ሦስቱን አሁን የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ይዘዋቸዋል። ሁለቱ ተቆልፈዋል። ለጊፋታ የኮሌታዋ ልጅ እናቴን እንኳን አደረሰዎት ለማለት ደወለች፤ ስለ ጤና ስለ ቤተሰብ ብዙ ካወሩ በኋላ ፓርኩ ሰው እየቀጠረ እንደሆነ ጠየቀቻት። እናቴ ስልኩን አቀበለችኝ። «አንተ አይደለህ ዜና የምትከታተለው፣ ንገራት» አለችኝ።