ቦሌ ላይ የከደንኳት ሃይላንድ

ከጥቂት ዓመታት በፊት እህቴን ለመጠየቅ ወደ ዋሽንግተን ስጓዝ፣ ቦሌ ላይ ግማሹን ጠጥቼ የከደንኳትን ሃይላንድ ከፊቴ ባለው የመቀመጫ ኪስ ውስጥ ከትቻት ነበር። ድሪምላይነሩ (የተሳፈርኩበት ቦይንግ 787 አውሮፕላን) ከፍታውን ይዞ ራት ሲቀርብ ሳወጣት፣ ተነፍታ አገኛታለሁ ያልኳት ጠርሙስ ጭራሽ ጎኗ በትንሹ ወደ ውስጥ ገብቷል። ከምድር 11 ኪሎ ሜትር ያህል ርቀን ሳለን፣ ስተነፍሰው የነበረው አየር ከአዲስ አበባው የወፈረ ነበር ማለት ነው።

ነገሩ ሲመረመር ግልጽ ነው። ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ 2,330 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛል፤ የቦይንግ 787 የመንገደኞች ክፍል ደግሞ አውሮፕላኑ የቱንም ያህል ከፍ ብሎ ቢበር፣ የውስጡ የአየር ግፊት 1,800 ሜትር ከፍታ ላይ ካለው በታች እንዳይወርድ ሆኖ የተሠራ ነው። ስለዚህ ከአዲስ አበባ የተነሣ መንገደኛ፣ አካሉ ወደ ሰማይ ሲወጣ ሳንባው ግን ቁልቁል ይወርዳል።

የቦሌ ከፍታ ለሚነሣው አውሮፕላን ትልቅ ፈተና ነው። ቦሌ ላይ ያለው አየር ከባሕር ጠረፉ በሃያ በመቶ ያህል የሳሳ በመሆኑ፣ ክንፉ ያንኑ ክብደት ለማንሣት ፍጥነቱን ከአሥር በመቶ በላይ መጨመር ይኖርበታል፤ ሞተሩም የሚስበው አየር ስለሚያንስ ጉልበቱ ይቀንሳል፤ በዚህ ላይ የቀኑ ሙቀት ሲታከልበት አየሩ ይበልጥ ይሳሳል። የ3,800 ሜትር ማኮብኮቢያ እንኳን ተዘርግቶለት፣ ያለው አማራጭ ክብደት መቀነስ ነው፤ ክብደት መቀነስ ማለትም በአብዛኛው ነዳጅ መቀነስ ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ዋሽንግተን የሚሄደው በረራ መንገድ ላይ አርፎ ነዳጅ ሲቀዳ፣ ከዋሽንግተን የሚመለሰው ግን ታንኩን ሞልቶ በቀጥታ ቦሌ የሚገባበት ዋነኛ ምክንያት ይኸው ነው። በርግጥ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍሰው የከፍታ ነፋስም ተመላሹን ከኋላው ይገፋዋል።

አንዴ ከተነሣ በኋላ ግን ያ የሳሳ አየር ወዳጁ ይሆናል። ወደ ላይ በወጣ ቁጥር የሚገታው አየር ስለሚቀንስ በትንሽ ነዳጅ ብዙ ይጓዛል። የከባቢ አየርን ንብርብሮች በትምህርት ቤት እንደ ፎቅ ቤት ወለል ልካቸው ተቆርጦ ነበር የተማርናቸው፤ እውነታው ግን እንደዚያ አይደለም። የታችኛው ንብርብር፣ ትሮፖስፌር፣ በምድር ወገብ አካባቢ እስከ 16 ኪሎ ሜትር ድረስ ሲዘልቅ፣ በዋልታዎቹ አካባቢ 8 ወይም 9 ኪሎ ሜትር ላይ ያበቃል። ስለዚህ ሱዳን ላይ ገና ትሮፖስፌር ውስጥ የነበረው አውሮፕላን፣ አንድ ሜትር ሳይጨምር ሰሜን አውሮፓ ሲደርስ ከሱ በላይ ያለው ንብርብር፣ ስትራቶስፌር፣ ውስጥ ሊገባ ይችላል። ስትራቶስፌር ውስጥ ኦዞን የተባለው ጋዝ የፀሐይን ጨረር ስለሚውጥ አየሩ ወደ ላይ ሲሄድ ይሞቃል፤ ከላይ የሞቀ አየር ከታች የቀዘቀዘውን ስለሚጫነው ደመናም መናወጥም ይቀንሳል። የእኛ የክረምት ነጎድጓዳማ ደመና ግን እስከ 15 ኪሎ ሜትር ስለሚቆለል፣ አብራሪው ዞሮት ያልፋል እንጂ ከላዩ አይሻገረውም።

ለሮኬት አየሩ ድጋፍ ሳይሆን እንቅፋት ነው። በመጀመሪያ ቀጥ ብሎ የሚወጣው ወፍራሙን አየር ቶሎ ጥሎ ለመሄድ ነው፤ የአሜሪካው የጠፈር መንኮራኩር ሻትል ከተነሣ አንድ ደቂቃ ሳይሞላው የአየሩ ግፊት አካሉን እንዳይጎዳው የሞተሮቹን ጉልበት ለጊዜው ይቀንስ ነበር። የጠፈር ደጃፍ ተብሎ በተለምዶ የሚወሰደው 100 ኪሎ ሜትር ነው፤ ነገር ግን አየሩ እዚያም አያልቅም። በ400 ኪሎ ሜትር ገደማ በሰዓት 28,000 ኪሎ ሜትር የሚበረው ዓለም አቀፉ የጠፈር ጣቢያ፣ በዚያ ከፍታ የቀረው ጥቂት አየር እየገታው ቀስ በቀስ ስለሚወርድ፣ በየጊዜው በሮኬት እየተገፋ ወደ ላይ ይመለሳል። ታኅሣሥ 10 ቀን 2012 ዓ.ም. ከቻይና የተወነጨፈችው የመጀመሪያዋ የኢትዮጵያ ሳተላይት የተቀመጠችው ከዚህ በላይ፣ ከ600 ኪሎ ሜትር በሚበልጥ ከፍታ ላይ ነው።

እኔን ከሁሉም በላይ የሚያስደንቀኝ መመለሱ ነው። አፖሎ 11 በ1969 እ.ኤ.አ. ከጨረቃ ሲመለስ፣ በሰከንድ 11 ኪሎ ሜትር እየበረረ ነበር 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ላይ ከአየሩ ጋር የተገናኘው። ሙቀቱ በዋናነት የሚመጣው ብዙዎቻችን እንደምናስበው ከመፋተግ አይደለም፤ ከመንኮራኩሩ ፊት ያለው አየር ለመሸሽ ጊዜ አጥቶ ስለሚታመቅ ነው የሚግለው። የመንኮራኩሩ መከላከያ ሽፋን እየከሰለ ያን ትኩሳት ይዞ ይሄዳል፤ ፍጥነቱንም የሚበላው ያው አየር ነው፤ በነዳጅ ይቁም ቢባል ተሸክሞት መሄድ የማይቻል ክምችት ያስፈልገው ነበር። ሦስቱ ትልልቅ ጃንጥላዎች የተዘረጉት ሦስት ኪሎ ሜትር ከፍታ ላይ ሲደርስ ነው፤ ከጨረቃ የመጡት ሰዎች በጃንጥላ የተንጠለጠሉት እኛ እንጦጦ ላይ ቆመን በምንተነፍሰው አየር ላይ ነበር።