ክር ልገዛ መርካቶ የሄድኩ ሰኞ

ደብረ ብርሃን ላይ በግ ሞልቷል፣ ሱፍም ሞልቷል፣ የብርድ ልብስ ፋብሪካውም እዚሁ ነው፣ የመንዝ እናቶች ሱፉን በእንዝርት ፈትለው ባሎቻቸው ባና ይሰሩበታል። ግን ያ ሱፍ ይሻክራል፣ የህፃን አንገት ላይ አይደረግም። ስለዚህ እንደኔ የልጆች ሹራብና ኮፍያ ሰርቶ የሚያድር ሰው ለስላሳውን የቱርክ ወይ የቻይና ክር ፍለጋ 130 ኪሎ ሜትር መሄድ አለበት። ይሄ ነገር ሁሌም ያንገበግበኛል፣ በግ መሀል ተቀምጦ ክር ከመርካቶ!

ህዳር ሲገባ ውርጩ ስለሚጀምር ትዕዛዝ የሚበዛው ያኔ ነው። የ2017 ህዳር ላይ ደግሞ ለሰንበት ትምህርት ቤት ህፃናት ለገና የሚለብሱት ወይን ጠጅ ሹራብ ታዝዤ ነበር፣ ሁሉም አንድ አይነት ቀለም። ለአንድ የስድስት ዓመት ልጅ ባለ 100 ግራሙ ልቃቂት ሶስት ይበላል፣ እጅጌው ረዘም ካለ ከዛም ይበልጣል፣ እና ብዙ ክር ነው። ሰኞ ሌሊት 11 ሰዓት ተነስቼ ሚኒባስ ያዝኩ፣ ጠዋት መርካቶ ገዝቼ፣ ሽሮ ሜዳ ብቅ ብዬ ለጎረቤቴ የነጠላ ጥለት ክር ይዤላት፣ በጊዜ ላምበረት መናኸሪያ ደርሼ ማታ ቤቴ ልገባ ነው ሀሳቤ። ጫጫን፣ ሸኖን፣ ሰንዳፋን ሁሉ በእንቅልፍ አለፍኳቸው።

መርካቶ ስደርስ ግን ሰዉ ውጪ ቆሟል፣ ሱቁ ዝግ ነው። መጀመሪያ ሰው የሞተ መሰለኝ። ነጋዴው በየበሩ ቆሞ በሹክሹክታ ያወራል፣ ያለ ደረሰኝ የተገኘ እቃ ይወረሳል የሚል ወሬ ተነስቶ ነው አሉ፣ ብዙው ሰው ፈርቶ አልከፈተም። ሚሊተሪ ተራ ዝግ፣ ወደ ራጉኤል በኩል ዝግ። እኔ እንግዲህ በሌሊት የተነሳሁት ይሄን ላይ ነው!

ሸማ ተራ ሄድኩ። ጥቅምት 11 ማታ እሳት የተነሳበት ቦታ ነው፣ ገና ወሩ ነው፣ ጥቁር ሆኖ የቀረውን ሳይ ሆዴ ባባ። ደንበኛዬ የነበረችው ሴትዮ ሱቋ ከዛ ብዙም አይርቅም ነበር፣ ቀለሙን ደጅ ድረስ አውጥታ በፀሐይ የምታሳየኝ፣ ጎደለ ስላት ከሌላ ሱቅ ለምና የምትሞላልኝ ሴት ናት። በሩ ላይ ሌላ ቁልፍ ተሰቅሏል፣ ስልኳ አይሰራም፣ ወዴት እንደሄደች የሚያውቅ ሰው አጣሁ። እውነቴን ነው፣ ከክሩ በላይ ያስጨነቀኝ እሷ ምን ሆና ይሆን የሚለው ነው።

እዛው ቆሜ አንድ ደላላ መጣና "እናት ምን ልፈልግልሽ" አለኝ። ክር ስለው አንድ ህንፃ ሶስተኛ ፎቅ አወጣኝ፣ መዝጊያው እስከ ጉልበት ወርዷል፣ አጎንብሼ ገባሁ። መብራት የለም፣ ሻጩ ልጅ በስልኩ መብራት ነው የሚያሳየኝ። አምና በ120 ብር የገዛሁትን ልቃቂት 230 አለኝ፣ ምንዛሬው ከተለቀቀ ወዲህ ነው አለ፣ እሺ እሱን ሰምተናል። ግን በር ጋ ወስጄ ቀለሙን ልየው ስለው "ዛሬ እቃ ወደ ውጪ አይወጣም፣ ሁሉም አንድ ነው፣ ከአንድ ካርቶን ነው የወጣው" ብሎ ድርቅ አለ። ወረቀቶቹ ደግሞ ተቀደው ወጥተዋል። ፋብሪካው በየዙሩ ሲያቀልም ትንሽ ትንሽ ስለሚለያይ ነው እኮ የዙሩ ቁጥር ወረቀቱ ላይ የሚፃፈው፣ ክር የሚሸጥ ሰው ይሄን ሳያውቅ ቀርቶ አይደለም። ሌላ ክፍት ቤት የለም፣ የልጆቹ ገና ደግሞ አይጠብቅም፣ ከፈልኩ። ደረሰኝ የለም። ደላላውም 200 ብር ተቀበለኝ።

ማዳበሪያዬን ተሸክሜ በፒያሳ አድርጌ ሽሮ ሜዳ ወጣሁ። እዛ ሀገር ሰላም ነው፣ ነጠላው ተሰቅሏል፣ ከውስጥ የሸማኔው ዕቃ ቀጭ ቀጭ ይላል፣ ነፍሴ መለስ አለች። የጥለት ክር የገዛሁባቸው አባት የጨንቻ ሰው ናቸው፣ ራሳቸው ሸማኔ ናቸው፣ እግራቸው ጉድጓዱ ውስጥ እንዳለ ነው ያናገሩኝ። ማዳበሪያውን አይተው "ምን ይዘሻል ልጄ" አሉኝ፣ ወጥተው ነጭ ጋቢ ላይ ዘረገፉት። በፀሐይ ሲታይ ግማሹ ወደ ቡኒ ይሄዳል፣ ግማሹ ወደ ቀይ። "ይሄ የአንድ አባት ልጅ አይደለም" አሉ። እኔ እንባዬ መጣ፣ የልጆቹ ሰልፍ ነው የታየኝ፣ ግማሹ ሌላ ግማሹ ሌላ ለብሶ።

እሳቸው ግን አስቀመጡኝና ቆጮ በዳጣ አቀረቡልኝ፣ ሻይ አስመጡ፣ ከዛ "እኔ ማግ ሲለያይብኝ ሁለት መወርወሪያ ይዤ እያፈራረቅኩ ነው የምሸምነው፣ አይን አይለየውም፣ አንቺም ሁለት ረድፍ ከዚህ፣ ሁለት ረድፍ ከዛ አድርጊው" አሉኝ። ለጥለቱ ክር የተናገሩትን ዋጋ ልጨምርላቸው ብል እጄን መለሱት። የቆጮውንማ ማን ያነሳዋል። እንደዚህ አይነት ሰው እኛ ሀገርም አለ፣ ግን አዲስ አበባ ላይ ሲገኝ የበለጠ ደስ ይላል።

ከዛ ወደ ላምበረት። መንገዱ ተቆፍሮ ታክሲው በየት በየት ዞሮ፣ ስደርስ 11 ሰዓት አልፏል፣ የደብረ ብርሃን መኪና የለም። በዛ ሰሞን ማምሻውን የሚወጣ ሹፌር አልነበረም፣ ማንም አይወቀስበትም። እዛው አካባቢ 600 ብር ከፍዬ አልጋ ያዝኩ። ውሃ የለም፣ ከስር ያለው መጠጥ ቤት እስከ ሌሊት ሙዚቃ ያስጮሃል፣ አልጋው ትኋን አለበት። ደብረ ብርሃን ብርድ ነው እንጂ ትኋን አይበላህም፣ በሁለት ሰዓት ሰው በሩን ዘግቶ ይተኛል፣ እንግዳ ያረፈበት ቤት በር ላይ አይጮህም። እንቅልፍ እምቢ ሲለኝ ኪሮሼን አውጥቼ ሁለቱን ቀለም ማፈራረቅ ጀመርኩ፣ አንድ የአንገት ዙሪያ ሲያልቅ አየሁት፣ እውነትም አይለይም! ሌሊቱን እሱው ገፋልኝ።

ጠዋት ረዳቱ ለማዳበሪያው የአንድ ሰው ሂሳብ ክፈይ አለኝ። ጭቅጭቅ ሆነ፣ አንድ የተማሪ ቤተሰብ የሚመስል ሰውዬ "ጭኔ ላይ ይሁን" ብሎ ተቀበለኝ፣ እስከ ጫጫ ይዞልኝ መጣ፣ እዛ ወረደ።

ሹራቦቹ ለገና ደርሰዋል። ደንበኛዬም ጥር ላይ በአዲስ ቁጥር ደወለችልኝ፣ ደህና ናት፣ አብነት በኩል ከእህቷ ጋር ትንሽ ቤት ተከራይተው ክሩን እዛ ይሸጣሉ፣ በሯ ላይ ፀሐይ ይገባል አለችኝ። የቀረኝን ወይን ጠጅ ይዤ እሷጋ ነው የምሄደው፣ ለፋሲካ ነጭና ቢጫ እንድታስቀምጥልኝ ነግሬያታለሁ።